የወንጀል ተጎጂ ተከራዮች የቤት ጥበቃ በአሜሪካ

የወንጀል ተጎጂ ተከራዮች የቤት ጥበቃ በተከራየው ቤት ውስጥ ወይም በሕይወቱ ላይ ወንጀል የተፈጸመበት ሰው በዚሁ ምክንያት ከቤቱ እንዳይባረር፣ ቤት እንዳይከለከል፣ መሸሽ ካስፈለገውም የኪራይ ውሉን ያለ ቅጣት እንዲያቋርጥ የሚፈቅዱ ሕጎች የጋራ መጠሪያ ነው። በአሜሪካ እነዚህ ሕጎች በሁለት እርከን የተዘረጉ ናቸው። የፌዴራሉ ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ ቤቶችን ይመለከታል፤ የግል አከራዮችን ቤት በዋናነት የሚገዛው የየግዛቱ ሕግ ነው። ጥበቃው መጀመሪያ የተሠራው ለቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎች ነበር። ቆይቶ ለወሲባዊ ጥቃት፣ በፍቅር ጓደኛ ለሚፈጸም ጥቃት፣ ሰውን እየተከታተሉ ለማስጨነቅ፣ በአንዳንድ ግዛቶችም ለሌሎች ከባድ ወንጀሎች ተጎጂዎች ተዳረሰ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ፦ ተጎጂ ለምን ከቤት ይባረራል?

ጥያቄው መጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ነው። የተደበደበ ሰው ለምን ቤቱን ያጣል? መልሱ ያለው በኪራይ ውል አሠራር ውስጥ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የኪራይ ውል ተከራዩን ለራሱ ድርጊት ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚኖሩትና በእንግድነት ለሚመጡት ሰዎች ድርጊትም ኃላፊ ያደርገዋል። ባል ሚስቱን ሲመታ፣ በር ሲሰብር ወይም ጎረቤት ሲያስፈራራ ውሉን የጣሰው «ቤተሰቡ» ነው ይባላል። ውሉ ሲፈርስ ደግሞ መቺውም ተመቺዋም አብረው ይወጣሉ።

ይህ አሠራር በመንግሥት ቤቶች የጠነከረው በ1988 የወጣው የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ሕግ ከመጣ በኋላ ነው። ሕጉ የመንግሥት ቤቶች አስተዳደሮች ተከራዩ፣ የቤተሰቡ አባል ወይም እንግዳው ወንጀል ከፈጸመ ውሉን ማቋረጥ የሚያስችል አንቀጽ በውላቸው እንዲያስገቡ አዘዘ። በ1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ለኮንግረስ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር በመንግሥት ቤት ወንጀል የሚፈጽም ሰው በአንድ ጥፋት እንዲባረር ጠየቁ፤ ፖሊሲውም «አንድ ጥፋት» በሚለው ስም ይታወቅ ጀመር።

በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ከተማ የመንግሥት ቤት ተከራዮች የነበሩ አረጋውያን በልጅ ልጆቻቸውና በአስታማሚ ሠራተኛ የዕፅ ወንጀል ምክንያት ውጡ ሲባሉ ጉዳያቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2002 በሙሉ ድምፅ ፈረደባቸው፤ ስለ ወንጀሉ የማያውቅ ተከራይም ሊባረር ይችላል አለ። ውሳኔው የዕፅ ጉዳይ እንጂ የቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ አልነበረም። አስተሳሰቡ ግን ያው ነው፤ ማን አጠፋ ሳይሆን በማን ቤት ሆነ የሚለው ይበቃል። የተጎጂዎች ጠበቆችን ያስደነገጠውም ይህ ነበር።

የኦሪገኑ ጉዳይ

ኮንግረስ ሕግ ከማውጣቱ በፊት ተጎጂዎች የነበራቸው ዋና መሣሪያ የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ነው። ይህ ሕግ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገርና ከ1974 ጀምሮ ደግሞ በፆታ ምክንያት በቤት ጉዳይ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ ስለ ወንጀል ተጎጂ ግን በስም የሚለው ነገር የለም።

በ1999 በኦሪገን ግዛት በሲሳይድ ከተማ በድጎማ አፓርታማ የምትኖር አንዲት ተከራይ በባሏ ተደበደበች። ባልየው ታሰረ፤ እሷም ከፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ አውጥታ አንዱን ቅጂ ለቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሰጠች። ሥራ አስኪያጇ ትእዛዙን ካየች በኋላ የመጣው መልስ በ24 ሰዓት ውስጥ ቤቱን ልቀቂ የሚል ማስታወቂያ ነበር። ምክንያቱ በሕንፃው ውስጥ ጥቃት ለሚፈጽም ማንኛውም ቤተሰብ የሚሠራው «ምንም አንታገሥም» የሚል ደንብ ነው።

የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ በአሜሪካ ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎችም «ሀድ» ብለው የሚጠሩት፣ ጉዳዩን መርምሮ በ2001 ደንቡ የፆታ አድልዎ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። አመክንዮው ይህ ነው፦ ደንቡ ለሁሉም እኩል የተጻፈ ቢመስልም ከቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎች አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ዱላው የሚያርፈው በሴቶች ላይ ነው። በዚያው ዓመት ተከራካሪዎቹ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ጉዳዩን ዘጉ፤ አስተዳዳሪዎቹም ደንባቸውን ለመቀየር ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ለመጡት ሕጎች መንገድ የጠረገ ጉዳይ ተደርጎ ይጠቀሳል።

የፌዴራሉ ሕግ

ዛሬ የጥበቃው ምሰሶ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው ሕግ ነው፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ቫዋ» ይባላል። በወቅቱ ሴናተር በነበሩት ጆ ባይደን መሪነት ተረቅቆ በመስከረም 1994 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ፊርማ ጸደቀ። በመጀመሪያው ሕግ ውስጥ ተከራይን ከመባረር የሚጠብቅ አንቀጽ አልነበረም። የመጣው ከ11 ዓመት በኋላ በተሻሻለው ሕግ ነው፤ እሱም በጥር 2006 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ተፈረመ።

የሕጉ ስም አሳሳች ነው። ስሙ ሴቶችን ብቻ ቢጠራም ጥበቃው ለወንዶችም እኩል ይሠራል፤ በሚስቱ፣ በወንድሙ ወይም በልጁ የተጠቃ ወንድ ተከራይም ሊጠቀምበት ይችላል።

የ2006ቱ ማሻሻያ ቁም ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል። በአንድ ሰው ላይ የደረሰ ጥቃት ተጎጂው ራሱ ውሉን እንደጣሰ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም። በመሆኑም በመንግሥት ቤቶችና «ሴክሽን ኤይት» በሚባለው የኪራይ ድጎማ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ጥቃቱን ምክንያት አድርጎ ማመልከቻ መከልከል፣ ድጎማ ማቋረጥ ወይም ማባረር ተከለከለ።

በመጋቢት 2013 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የፈረሙት ማሻሻያ ጥበቃውን በብዙ አሰፋው። ወሲባዊ ጥቃት ተጨመረ። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በሚሠሩ የድጎማ ቤቶች፣ በገጠር የቤት ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም በግብር ቅናሽ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በሚገነቡ አፓርታማዎች ላይም ሕጉ ተፈጻሚ ሆነ። የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ተከራዮች ቤታቸው የግብር ቅናሽ ያገኘ መሆኑን እንኳ ስለማያውቁ መብት እንዳላቸውም አያውቁም። ሀድ ዝርዝር ማስፈጸሚያውን ያወጣው በኅዳር 2016 ነው።

የሕጉ የበጀት ፈቃድ በ2019 ጊዜው አልፎበት ለሦስት ዓመት ያህል ሳይታደስ ቆይቷል። የቤት ጥበቃዎቹ ግን የማብቂያ ቀን ስላልነበራቸው አልተቋረጡም። በመጋቢት 2022 ባይደን፣ በዚህ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ የታደሰውን ሕግ ፈረሙ። በዚህም መብቱን በጠየቀ ተከራይ ላይ በቀል መፈጸም በግልጽ ተከለከለ፤ ሀድም ሕጉን ልክ እንደ ፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕጉ እንዲያስፈጽም ታዘዘ። እስከዚያ ድረስ መብቱ ተጽፎ ተጥሶ ቢገኝ አቤት የሚባልበት በር ግልጽ አልነበረም። አሁን ተከራዩ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ለሀድ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ማስረጃ ማቅረብ

ሕጉን በሥራ ላይ ለማዋል ትልቁ ጣጣ ማስረጃ ነው። በዝግ በር የተፈጸመ ነገር ምስክር የለውም፤ ፖሊስ ያልጠራ ሰው የፖሊስ ወረቀት የለውም። ሕግ አውጪዎቹ ለዚህ የመረጡት መፍትሔ ተጎጂውን ማመን ነው። ተከራዩ ከአራት ዓይነት ማስረጃዎች የፈለገውን ይመርጣል። አንደኛው ራሱ ሞልቶ የሚፈርመው ቅጽ ሲሆን ቁጥሩ 5382 ነው። ሁለተኛው ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወይም የተጎጂዎች ረዳት ከተከራዩ ጋር የሚፈርመው ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ሰነድ ነው። አራተኛው አከራዩ ከተቀበለው ሌላ ማንኛውም ማስረጃ ነው።

በቅጹ ላይ የአጥቂው ስም የሚሞላው ተጎጂው ካወቀውና መጻፉ አደጋ ከሌለው ብቻ ነው። አከራዩ ማስረጃ ሲፈልግ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ተከራዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ 14 የሥራ ቀናት አለው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ጥበቃው ሊቀር ስለሚችል ጊዜውን ማሳለፍ አደገኛ ነው። የሚጋጭ መረጃ እስካልመጣ ድረስ፣ ለምሳሌ ባልና ሚስት ሁለቱም እኔ ነኝ ተጎጂው ብለው ቅጽ እስካላስገቡ ድረስ፣ አከራዩ የፖሊስ ወረቀት ካላመጣሽ ማለት አይችልም። ከተጋጨ ግን የሦስተኛ ወገን ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው።

አከራዮች የመብት ማስታወቂያውንና ቅጹን በሦስት አጋጣሚዎች ለተከራዩ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፦ ማመልከቻው ሲከለከል፣ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ የማስወጣት ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው። የመጀመሪያ ቀን ከሚፈረመው የወረቀት ክምር መካከል የሚገኝ አንድ ገጽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል።

ውሉን ለሁለት መክፈል

በሕጉ ውስጥ በጣም ብልሃት ያለበት ክፍል ይህ ሳይሆን አይቀርም። አከራዩ የኪራይ ውሉን ለሁለት ከፍሎ አጥቂውን ብቻ አስወጥቶ ተጎጂዋንና ልጆቿን በቤቱ ማቆየት ይችላል። ከላይ የተነገረው ችግር፣ ውሉ ቤተሰቡን እንደ አንድ ሰው መቁጠሩ፣ በቀጥታ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። አከራዩ ግን አጥቂውን በራሱ ኃይል ጎትቶ ማስወጣት አይችልም፤ የግዛቱን የማስለቀቅ ሥርዓት መከተል አለበት።

ድጎማው በአጥቂው ስም ከሆነስ? ተጎጂዋ በራሷ ስም ብቁ መሆኗን ለማሳየት ወይም ሌላ ቤት ለመፈለግ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች 90 ቀን ይሰጣታል። በቫውቸር ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ቤተሰቡ በጥቃት ምክንያት ከተበተነ የቤቶች አስተዳደሩ ቫውቸሩ ከተጎጂው ጋር እንዲቀር ማድረግ አለበት።

አስቸኳይ ዝውውር

ቤቱ ራሱ አደገኛ ከሆነ፣ አጥቂው አድራሻውን የሚያውቅ ከሆነ፣ መቆየት መብት ቢሆንም ጥቅም የለውም። ስለዚህ የ2013ቱ ሕግ እያንዳንዱ አከራይ የአስቸኳይ ዝውውር ዕቅድ እንዲኖረው አዘዘ። ተከራዩ እዚያው ከቆየ ጥቃት በቅርቡ ይደርስብኛል ብሎ በምክንያት ካመነና ዝውውር በግልጽ ከጠየቀ ብቁ ነው። ለወሲባዊ ጥቃት ተጎጂ ጥቃቱ በግቢው ውስጥ ከጥያቄው በፊት በነበሩት 90 ቀናት ከተፈጸመ ይበቃል።

ዕቅድ መኖሩ ግን ባዶ ቤት መኖሩ ማለት አይደለም። በአንድ አከራይ ሥር ሌላ ክፍት ቤት ካለ ተከራዩ እንደ አዲስ ሳያመለክት ይዛወራል፤ ከሌለ ወደ ሌላ አከራይ ሄዶ እንደ አዲስ አመልካች መጠበቅ ይኖርበታል። በትላልቅ ከተሞች የድጎማ ቤት ወረፋ ዓመታት ስለሚወስድ የሕጉ ተስፋ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

አድራሻን መደበቅ

ሸሽቶ ቤት የቀየረ ሰው ዋናው ጋሻው አለመታወቁ ነው፤ ቤት ለመከራየት ግን ስም፣ የቀድሞ አድራሻ፣ የሥራ ቦታና የልጆች ትምህርት ቤት ሳይቀር በቅጽ ላይ ይሞላል። ስለዚህ ሕጉ አከራዩ ከተጎጂው የተቀበለውን መረጃ በሚስጥር እንዲይዝ ያዛል። ሥራው የሚያስገድደው ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር ማንም አያየውም፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በጋራ በሚጠቀሙበት የመረጃ ቋትም አይገባም። ሊገለጥ የሚችለው ተጎጂው በጽሑፍ ሲፈቅድ፣ ለማስለቀቅ ክርክር ሲያስፈልግ ወይም ሕግ ሲያስገድድ ብቻ ነው።

የጋራ ቋቱ ነገር ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ መጠለያዎች ማን መጣ ማን ሄደ የሚለውን በየአካባቢው በሚጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት ይመዘግባሉ። አንድ የይለፍ ቃል ያለው ሰው፣ ምናልባት የአጥቂው ዘመድ ወይም ጓደኛ፣ ስም ፈልጎ የትኛው መጠለያ እንዳለች ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት የተጎጂ መጠለያዎች ወደ ጋራው ሥርዓት የሰው መረጃ እንዳያስገቡ ተከልክለዋል፤ ተመሳሳይ ነገር ግን ለብቻው የተለየ ቋት ይጠቀማሉ፤ ለመንግሥት የሚያቀርቡትም ስም የሌለበት ድምር ቁጥር ነው።

የዋሽንግተን ግዛት በ1991 የአድራሻ ሚስጥር ፕሮግራም በመጀመር ቀዳሚ ሆነች። በፕሮግራሙ የተመዘገበ ሰው በግዛቱ መንግሥት የሚሰጥ ተተኪ የፖስታ አድራሻ ያገኛል፤ መንጃ ፈቃዱም ሆነ የመራጭ ምዝገባው በዚያ አድራሻ ይሆናል፤ ደብዳቤው እዚያ ደርሶ ወደ እውነተኛው ቤት ይላክለታል። ዛሬ አብዛኞቹ ግዛቶች ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው።

የግል ቤቶችና የግዛት ሕጎች

ድጎማ በሌለው የግል ቤት የሚኖር ሰው ከቫዋ የቤት ጥበቃ አያገኝም። እዚያ የሚሠራው የግዛቱ ሕግ ነው፤ ከግዛት ግዛትም በእጅጉ ይለያያል። የተለመዱት መብቶች ሁለት ናቸው፦ ውልን ሳይጨርሱ መውጣትና ቁልፍ ማስቀየር።

በካሊፎርኒያ ተከራዩ የጥበቃ ትእዛዝ፣ የፖሊስ ሪፖርት ወይም የባለሙያ ጽሑፍ አያይዞ ማስታወቂያ ከሰጠ በኋላ ከ14 ቀን በላይ ኪራይ አይጠየቅም፤ ሰነዱ ግን ከ180 ቀን ያለፈው መሆን የለበትም። ከ2021 ወዲህ ሕጉ ከቤት ውስጥ ጥቃት አልፎ የአካል ጉዳት ወይም ሞት ያስከተለ ወንጀልንና ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ የተመዘዘበትን ወንጀል ጭምር ያካትታል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ልጁ በሰፈሩ የተገደለበት አባት ከዚያ ሰፈር ለመውጣት ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። በዚያው ግዛት አከራዩ በ24 ሰዓት ውስጥ ቁልፍ ካልቀየረ ተከራዩ ራሱ መቀየር ይችላል። በኢሊኖይ ግዛት ጊዜው 48 ሰዓት ነው። አጥቂው በውሉ ላይ የፈረመ ተከራይ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የራሱን ቤት በር የሚዘጋበት ሰው ስለሆነ ከቤቱ የሚያርቀው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ለመዘዋወሪያ ገንዘብ ደግሞ አንዳንድ ግዛቶች ከወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፕሮግራማቸው ይከፍላሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች በ1984 ከተቋቋመው የፌዴራል ፈንድ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ፈንዱ የሚሞላው በግብር ሳይሆን ከተፈረደባቸው ወንጀለኞች በሚሰበሰብ ቅጣት ነው።

ፖሊስ መጥራት የሚያስቀጣባቸው ከተሞች

ብዙ የአሜሪካ ከተሞች «የአዋኪ ቤቶች» ደንብ አላቸው። ወደ አንድ ቤት ፖሊስ በተደጋጋሚ ከተጠራ የቤቱ ባለቤት ይቀጣል፤ ባለቤቱም ቅጣቱን ለማስቀረት ተከራዩን ያስወጣል። ሶሲዮሎጂስቱ ማቲው ዴዝመንድ ከኒኮል ቫልዴዝ ጋር በሚልዋኪ ከተማ በ2008 እና 2009 የተላኩ ማስጠንቀቂያዎችን አጥንተው ከሦስት አንዱ ገደማ ከቤት ውስጥ ጥቃት ጥሪ የመጣ መሆኑን አገኙ። አከራዮቹም አብዛኛውን ጊዜ የሰጡት ምላሽ ተጠቂዋን ማስወጣት ነበር።

በፔንሲልቬኒያ ግዛት የኖሪስታውን ደንብ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጥሪ ከተመዘገበ የአከራዩ ፈቃድ እንዲሰረዝና ተከራዩ እንዲወጣ ይፈቅድ ነበር። በ2012 በዚያ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት በቀድሞ ጓደኛዋ በተሰበረ ብርጭቆ አንገቷን ስትወጋ ጎረቤቷን 911 እንዳትደውል ለመነቻት፤ ቤቴን አጣለሁ ብላ። ጎረቤቷ ደወለች። ተጎጂዋ በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ገብታ ተረፈች፤ ከተማው ግን ከቤቷ እንድትወጣ ግፊቱን ቀጠለ። የአሜሪካ ሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ2013 ክስ መሠረተላት፤ በ2014 ከተማው ደንቡን ሽሮ 495,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ፖሊስ የጠራን ተጎጂ መቅጣት የሚከለክል ሕግ አወጣ።

የ2022ቱ ቫዋ ይህንኑ ወደ አገር አቀፍ ደረጃ አምጥቶታል። ለከተማ ልማት የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ የሚቀበል ማንኛውም አስተዳደር ከቤቱ እርዳታ የጠራን ተከራይ ወይም አከራዩን በዚህ ምክንያት መቅጣት አይችልም። ከሌሎቹ የቫዋ አንቀጾች በተለየ ይህ በግል ቤት ለሚኖርም ይሠራል።

ስደተኞችና አማርኛ ተናጋሪዎች

ለስደተኛ ተጎጂ ቤቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ናቸው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በሆነ ባል የምትጠቃ ሴት ባሏ ሳያውቅ በራሷ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች፤ ይህንንም ያስቻለው የ1994ቱ ቫዋ ነው። ሀድ በ2016 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያመለከቱ ሰዎች የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪደርሳቸው ሳይጠብቁ ለድጎማ ቤት ብቁ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ከ2000 ጀምሮ ያለው የዩ ቪዛ ደግሞ ከወንጀል መርማሪዎች ጋር ለሚተባበሩ ተጎጂዎች የሚሰጥ ሲሆን በዓመት ከ10,000 ለሚበልጡ ዋና አመልካቾች አይሰጥም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ የቤተሰብ ጥቃት ተጎጂ በጽሑፍ ከጠየቀ አከራዩ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ የመግቢያ በሮችን ቁልፍ መቀየር አለበት፤ ወጪውን በቅድሚያ አከራዩ ይከፍላል፣ ተከራዩ በኋላ ይተካል። አጥቂው በውሉ ላይ ያለ ተከራይ ካልሆነ ለዚህ ማስረጃ ማቅረብ አያስፈልግም። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውንም ብዙ ተናጋሪ ባላቸው ቋንቋዎች እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛ ከእነዚህ አንዱ ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ ይህ ክብደት አለው፤ አስተርጓሚ ካልቀረበ የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የባል ዘመድ ነውና። ግዴታው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንጂ የግል አከራዮች አይደለም፤ የቁልፍ ይቀየርልኝ ደብዳቤውም ሆነ የውል ማቋረጫው ማስታወቂያ ለአከራዩ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው።